ሳቁ የት ላይ ቆመ? የማይክል ሪቻርድስ የመድረክ ስድብና የተሰጠው ምላሽ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 2006፣ ዓርብ ማታ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰንሴት ቡሌቫርድ ላይ በሚገኘው «ላፍ ፋክተሪ» የኮሜዲ ክበብ አንድ ታዳሚ በእጅ ስልኩ ቪዲዮ ቀረጸ። ቪዲዮው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ምስሉም ደብዛዛ ነው። ድምፁ ግን ይሰማል። ስለዚህ ቪዲዮ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው የተጻፈው ግን መድረክ ላይ ስለቆመው ሰው ነው። እዚህ ጆሮዬን ወደ አዳራሹ ማዞር እፈልጋለሁ። ታዳሚው የት ላይ ሳቀ? የት ላይስ ሳቁን ዋጠ? አሜሪካ ከዚያ ማታ በኋላ ለወራት ያካሄደችው ክርክር ምኑን እንዳየና ምኑን እንዳለፈው ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መድረኩ ላይ የነበረው ማይክል ሪቻርድስ ነው። ከ1989 እስከ 1998 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን በታየው «ሳይንፌልድ» ክሬመርን ሆኖ ተጫውቷል፤ ለዚህም ሦስት ጊዜ የኤሚ ሽልማት ወስዷል። ክሬመር በር በርግዶ የሚገባ፣ የሚንሸራተት፣ ከዕቃ ጋር የሚላተም፣ ከአንደበቱ ይልቅ በአካሉ የሚያስቅ ሰው ነበር። ተከታታዩ ካበቃ በኋላ በ2000 በሪቻርድስ ስም የተጀመረው ፕሮግራም ከጥቂት ክፍሎች በላይ አልዘለቀም። ወደ ማይክሮፎኑ የተመለሰው እንግዲህ ስሙ ገና ትልቅ ሆኖ ሳለ ሥራው ባነሰበት ሰዓት ነው። የዚያን ማታ፣ አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች የሆኑ ጓደኛሞች ዘግየት ብለው ገብተው ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ፤ መጠጥ ሲያዝዙ ድምፃቸው እስከ መድረኩ ደረሰ። ሪቻርድስ ነገር ጀመራቸው። አንደኛው፣ ጓደኛዬ ቀልድህ አላሳቀውም የሚል ዓይነት መልስ ወረወረለት።

እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም። ለመድረክ ኮሜዲያን የሚናገር ታዳሚ የየዕለት ገጠመኝ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ቤቱን በሙሉ አስቆ ማሳረፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሪቻርድስ የመለሰው መልስ ግን ከዚህ ሙያ ውስጥ የወጣ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ዘቅዝቀን እናንጠለጥልህና መቀመጫህ ውስጥ ሹካ እንሰካብህ ነበር አለው። ቀጥሎ፣ አሁንማ መናገር ትችላለህ፣ አሁንማ ጀግና ሆነሃል አለ። ከዚያ ነው ሰውየው እንዲባረር እየጮኸ ያን በጥቁሮች ላይ የሚወረወረውን ስድብ ደጋግሞ የጠራው። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፤ አንባቢ ያውቀዋል። እያለፈ ሲሄድ ደግሞ ነጭ ሰው ስታቋርጥ የሚደርስብህ ይህ ነው ብሎ ጨመረበት።

ቪዲዮውን በጆሮ ለተከታተለ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ስለ ሹካው የተነገረው ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ሳቅ ይሰማል። ሁሉም አልሳቀ ይሆናል፤ ግን ሳቅ ነው። ስድቡ ሲወጣ ነው አዳራሹ የሚለወጠው። ማጉረምረም ይነሳል፣ አንዲት ሴት በድንጋጤ አምላኳን ትጠራለች፣ ቀስ በቀስ ሰዉ ወንበሩን እየተወ መውጣት ይጀምራል። ከተሰደቡት አንዱ ደግሞ፣ ይሄ የሚያስፈልግ አልነበረም የሚል በጣም የተቆጠበ አስተያየት ይሰጣል። በቀጣዮቹ ወራት ከተሰነዘሩት ትችቶች ሁሉ ይህን የሚስተካከል አላገኘሁም።

ፍሮይድ በ1905 ስለ ቀልድ በጻፈው መጽሐፉ፣ ሰውን የሚወጋ ቀልድ ሦስት ሰው ይፈልጋል ይላል፤ ተናጋሪው፣ የሚወጋው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሰምቶ የሚስቀው። ቀልዱ ቀልድ የሚሆነው በሦስተኛው ፈቃድ ነው። የላፍ ፋክተሪ ታዳሚ ያን ማታ ሦስተኛው ሰው ነበር፤ ፈቃዱን ሰጥቶም ከለከለ። የሰጠው ለየትኛው ነው? ዘቅዝቆ ለማንጠልጠል። የከለከለው የትኛውን ነው? ስድቡን። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ አያልፍም፤ በኋላ ጋዜጠኛውም፣ ፖለቲከኛውም፣ የክበቡ ባለቤትም፣ ራሱ ሪቻርድስም የዚያን ማታ ታዳሚ ተከትለው ስድቡን ለፍርድ አቀረቡ፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን በነፃ አሰናበቱት።

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ደግሞ ጸያፍ የሚባል የዘር ስድብ የለበትም። ያለው ዓመተ ምሕረት ነው። ከ2006 ሃምሳ ዓመት ሲቀነስ 1956 ነው። በኦገስት 1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ከቺካጎ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሚሲሲፒ ሄዶ፣ አንዲት ነጭ ባለሱቅን ተዳፈረ ተብሎ ሌሊት ከተኛበት ተወስዶ ተገደለ፤ ሬሳው ከወንዝ ወጣ። ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኞች ጉባኤ ገዳዮቹን በአንድ ሰዓት ገደማ ምክክር ነፃ ለቀቃቸው። በጃንዋሪ 1956 ሁለቱ ሰዎች መግደላቸውን ለ«ሉክ» መጽሔት በራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ ሁለተኛ የሚከሳቸው አልነበረም። ሪቻርድስ ይህን ጉዳይ አስቦ ነው ዓመቱን የጠራው እያልኩ አይደለም፤ ምናልባት ሃምሳ የሚለው ለአፍ የቀለለ ድፍን ቁጥር ስለሆነ ይሆናል። ቁጥሩ ግን ያረፈበት ቦታ አረፈ። የተስኬጊ ተቋም ከ1882 እስከ 1968 በመንጋ ፍርድ የተገደሉ 4,743 ሰዎችን መዝግቧል፤ 3,446ቱ ጥቁሮች ናቸው። የአሜሪካ ሴኔት ይህን ግድያ የሚከለክል ሕግ ለአሥርት ዓመታት ሳያጸድቅ በመቅረቱ ይቅርታ የጠየቀው በጁን 2005 ነው፤ ከዚያ ማታ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ቀደም ብሎ ብቻ።

ኤሜት ቲል የተገደለበት «ጥፋት» ንግግር ነው። በመንጋ ከተሰቀሉት ስንቱ ለነጭ መልስ ሰጠ፣ አልታዘዝ አለ፣ አፉን ከፈተ ተብሎ እንደሆነ ታሪኩን ያነበበ ያውቃል። አሁንማ መናገር ትችላለህ የሚለው የሪቻርድስ አነጋገር ከዚህ ተለይቶ አይነበብም። ዓረፍተ ነገሩ ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚለውን ይደነግጋል፤ ቅጣቱንም ይጠቅሳል፤ ቅጣቱ ቀረ ብሎም ያዝናል። ስድቡን ከንግግሩ ውስጥ ቃል በቃል አጥፉት፤ ይህ ሁሉ እንዳለ ይቀራል። በተቃራኒው ዓረፍተ ነገሩን አጥፍታችሁ ስድቡን ብትተዉት የሚቀረው መጥፎ አፍ ያለው የተናደደ ሰው ነው። ክርክሩ የመረጠው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው።

ቪዲዮው የታዋቂ ሰዎችን ወሬ በሚያወጣው ቲኤምዚ ድረ ገጽ የወጣው ኖቬምበር 20 ነው። ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ኦገስት የቨርጂኒያው ሴናተር ጆርጅ አለን ለተቀናቃኙ የሚሠራና የእሱን ቅስቀሳ የሚቀርጽ ሕንዳዊ አሜሪካዊ ወጣት «ማካካ» ብሎ በካሜራ ፊት ጠርቶ፣ ቪዲዮው በዩቲዩብ ተዛምቶ፣ በኖቬምበር ምርጫውን ተሸንፏል። ዩቲዩብን ጉግል የጠቀለለው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ በፊት በኮሜዲ ክበብ የተባለ ነገር በክበቡ ውስጥ ይቀር ነበር፤ ቢበዛ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። ስልክ ሲመጣ ግን በአዳራሹ ውስጥ የነበረው ሦስተኛ ሰው ቁጥሩ ሚሊዮን ሆነ።

ቪዲዮው በወጣበት ዕለት ማታ የ«ሳይንፌልድ» ዋና ተዋናይ ጄሪ ሳይንፌልድ በዴቪድ ሌተርማን የማታ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እንግዳ ነበር። የተጋበዘው የተከታታዩን ሰባተኛ ምዕራፍ ዲቪዲ ሊያስተዋውቅ ነው፤ ዲቪዲው የሚወጣው በማግስቱ ነበር። ሪቻርድስ ከሎስ አንጀለስ በሳተላይት ቀረበ፤ ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ ፊቱ ጠፍቶ። ይቅርታውን ጀመረ፤ ጥቁሮቹንም «አፍሮ አሜሪካን» በሚል በዚያ ጊዜ ያረጀ አጠራር ጠራቸው። ይህን ጊዜ የስቱዲዮው ታዳሚ ሳቀ። ሳይንፌልድ ፊቱን ወደ ታዳሚው አዙሮ መሳቃቸውን እንዲያቆሙ፣ ነገሩ የሚያስቅ እንዳልሆነ ነገራቸው። ይህ ሁለተኛው ሳቅ ነው። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰዎቹ የሳቁት ክሬመርን ስላዩ ነው። ለዘጠኝ ዓመት ያ ፊት እንደዚያ ሲደናገር መሳቅን ተምረዋል። ሪቻርድስ ከአካሉ ውስጥ ክሬመርን አውጥቶ ማስቀመጥ አልቻለም፤ ታዳሚውም ሊለየው አልቻለም። ሌተርማን ምናልባት ሳያስበው ለአንድ ይቅርታ የማይሆነውን መድረክ ነበር ያዘጋጀው።

በዚያ ንግግሩ ውስጥ ሪቻርድስ ጥቁሮችን ክፉኛ ስለጎዳው ካትሪና አውሎ ነፋስ፣ በአገሪቱ ውስጥ ስላለው መረበሽ አንስቶ ነበር። ብዙዎች ማምለጫ ነው ብለው ናቁት፤ ይሆናልም። ግን ነገሩን ከራሱ ደረት አውጥቶ ወደ አገሩ ታሪክ የገፋበት ብቸኛ ቅጽበት ነበር፤ ማንም ተከትሎት አልሄደም፣ እሱም አልተመለሰበትም። የተመለሰበት ሌላ ነው፤ ዘረኛ አይደለሁም፣ የሚያሳብደውም ይሄ ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ የአደባባዩ ጥያቄ ተተከለ፤ ሰውየው በልቡ ዘረኛ ነው ወይስ አይደለም?

ይህ ጥያቄ ለሁሉም ምቹ ነው። ለተከሳሹ ምቹ ነው፤ ልቡን ከእሱ በቀር የሚያይ ስለሌለ። ለተመልካች ደግሞ የበለጠ ይመቻል፤ ቴሌቪዥኑን እያየ እኔ እንዲህ አይደለሁም ብሎ ማረፍ ይችላል። የሥነ ልቦና ሰዎች ስለ ስውር አድልዎ፣ እሱን ለመለካት በ1998 ለሕዝብ ስለተከፈተው የኮምፒውተር ፈተና እያነሱ፣ ሁላችንም ውስጥ ትንሽ ትንሽ አለ አሉ። ይህ አስተያየት ከሌላው የተሻለ ትሕትና አለው፤ እሱም ግን ነገሩን ከራስ ቅል ውስጥ አላወጣውም። ሪቻርድስ መድረክ ላይ ሳለ፣ ውስጣችሁ የተቀበረውን ስታዩ ደነገጣችሁ የሚል ነገር ለታዳሚው ጮኾባቸው ነበርና፣ የሥነ ልቦናው ማብራሪያ በተዘዋዋሪ የእሱን መከላከያ መድገም ሆነ። ቀልደኛው የተቀበረውን ገልጦ የሚያሳይ ነው የሚለው ሐሳብ ከኮሜዲያኑ ሌኒ ብሩስ ጀምሮ የታወቀ ነው። ብሩስ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ላይ የዘር ስድቦችን በሙሉ እየደረደረ፣ ደጋግመን ብንላቸው መርዛቸው ይጠፋል ብሎ ይከራከር ነበር። ብሩስ ግን ስድቦቹን በሁሉም ላይ፣ በራሱ ወገን በአይሁዶችም ላይ ነው የደረደረው፤ ወደ ሰገነት ጣት ጠቁሞ አንዱን አስወጡት አላለም። ሪቻርድስ መሃል ላይ፣ እነዚህ ቃላት፣ እነዚህ ቃላት እያለ የብሩስን በር ሲፈልግ ይሰማል። በሩ ግን ተዘግቶበታል።

ስለ ልቡ ከተነሣው ጥያቄ ጎን ለጎን የስድቡ ጉዳይ ራሱን ችሎ ወጣ። በቦታው የነበረው ኮሜዲያን ፖል ሮድሪገዝ ለቴሌቪዥን ሲናገር፣ ጥቁር ያልሆነ ሰው ያን ቃል ከአፉ ካወጣ ብዙ የሚያስረዳው ነገር አለበት አለ። ኖቬምበር 27 የጥቁሮች መብት ታጋዩ ቄስ ጄሲ ጃክሰን፣ የምክር ቤት አባሏ ማክሲን ዋተርስና ኮሜዲያን ፖል ሙኒ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ጋዜጠኞችን ጠርተው ቃሉ ከመዝናኛው ዓለም እንዲወገድ ጠየቁ። ሙኒ ለኮሜዲያኑ ሪቻርድ ፕራየር ሲጽፍ የኖረ፣ ያን ቃል በመድረክ ከማንም በላይ ያዘወተረ ሰው ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ አለ። ፕራየር ራሱ ቃሉን የተወው በ1979 ኬንያን ከጎበኘ በኋላ ነበር። ሙኒን ያስተወው ግን ሪቻርድስ ነው፤ ይህን ራሱ ሙኒ በቀልድ መልክ ይናገር ነበር። በፌብሯሪ 2007 የኒውዮርክ ከተማ ምክር ቤት አስገዳጅነት የሌለው የክልከላ ውሳኔ አሳለፈ። በጁላይ ደግሞ የጥቁሮች መብት ድርጅቱ ኤንኤኤሲፒ ዲትሮይት ውስጥ ለቃሉ የቀብር ሥነ ሥርዓት አደረገ፤ ሳጥኑን ፈረሶች ጎተቱት።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን የክበቡ ባለቤት ደንብ ነው። ጄሚ ማሳዳ ከኢራን በልጅነቱ የተሰደደ፣ ላፍ ፋክተሪን በ1979 የከፈተ ሰው ነው። ክበቡ የነጮች መንደር አልነበረም፤ ለችግረኛ ልጆች በሚያዘጋጀው የበጋ የኮሜዲ ትምህርት ውስጥ፣ አባቷ ኤርትራዊ የሆነው ኮሜዲያን ቲፋኒ ሃዲሽ ከማደጎ ቤት መጥታ ማይክሮፎን የያዘችበት ቤት ነው። ማሳዳ ያ ቃል በመድረኩ ላይ እንዳይነገር ከለከለ፤ ለሚናገርም መቀጮ ጣለ። በዲሴምበር 2006 ጥቁሩ ኮሜዲያን ዴመን ዌይንስ ወጥቶ ቃሉን አሥራ ስድስት ጊዜ አለ። በአንዱ ሃያ ዶላር ተሰልቶ 320 ዶላር ተቀጣ፤ ለሦስት ወርም ከመድረኩ ታገደ።

በዚህ ታሪፍ ሪቻርድስ ስንት ይከፍል ነበር? ቃሉን የደጋገመው ከዌይንስ ባነሰ ቁጥር ስለሆነ መቀጮው ከዌይንስ ያነሰ ነው። ለሹካው፣ ለመዘቅዘቁ፣ ለሃምሳ ዓመቱ ደግሞ ምንም፤ በደንቡ አልተካተቱም። የጥቁሮችን ክብር ለመጠበቅ የወጣ ደንብ የመጀመሪያ ሰለባው ጥቁር ሆነ፤ ደንቡን የወለደው ዓረፍተ ነገር ግን ያኔም በዚያ መድረክ ላይ ያለ ቅጣት ሊነገር ይችል ነበር። ማሳዳን ለመውቀስ አይደለም፤ ሰውየው ቤቱ ስለተደፈረ አንድ ነገር ማድረግ ነበረበት፣ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ቃል ነው። ዲክ ግሪጎሪ ቀድሞ ያየው ይመስለኛል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ነጮች በሚያዘወትሯቸው ክበቦች ለመሥራት በሩን ከከፈቱት ጥቁር ኮሜዲያን አንዱ ግሪጎሪ ነው። ታዳሚ ያን ስድብ ቢወረውርበት፣ በውሌ መሠረት ይህ ቃል በተነሳ ቁጥር የክበቡ አስተዳደር ሃምሳ ዶላር ይከፍለኛል፤ እባካችሁ ሁላችሁም ተነሥታችሁ በሉት የሚል መልስ ነበረው። ግሪጎሪ በቃሉ ላይ ዋጋ ሲለጥፍ ያሳቀው የታሪፉን ከንቱነት ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ሎስ አንጀለስ ላይ ታሪፉ እውነተኛ ሆነ።

የይቅርታው ጉዞም እንዲሁ አቅጣጫው ጠፋበት። ሪቻርድስ ሃዋርድ ሩበንስታይን የተባለውን የኒውዮርክ እውቅ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ቀጠረ። ለጄሲ ጃክሰንና ለሌላው የመብት ታጋይ ለቄስ አል ሻርፕተን ደወለ፤ ኖቬምበር 26 በጃክሰን የሬዲዮ ፕሮግራም ቀርቦ ተናገረ። ሻርፕተን ይቅርታው ብቻውን በቂ አይደለም አለ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲላክ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ የሚንበረከከው በተበዳዩ ደጃፍ ነው እንጂ በሽማግሌው ደጃፍ አይደለም። እዚህ ሽማግሌው ተበዳዩን ተክቶ ቁጭ አለ። ጃክሰን ደግሞ በ1984 በአይሁዶች ላይ በተናገረው ነገር እሱም በተራው በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነበርና የይቅርታን ሥርዓት አካሄድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሰገነት ላይ የነበሩት ወጣቶችስ? ሁለቱ ግሎሪያ ኦልሬድ የተባለችውን ስመ ጥር ጠበቃ ያዙ። ፊት ለፊት ይቅርታ እንዲጠየቁ፣ ካሳ ይገባቸው እንደሆነም ጡረታ የወጣ ዳኛ እንዲወስን ጠየቁ። ወዲያው ገንዘብ ፈላጊ ተባሉ። በነሱ ላይ የወረደው ፌዝ ከሪቻርድስ ይቅርታ ባልተናነሰ ስለዚያ ሰሞን ይናገራል። ሲሰደቡ ያዘነላቸው ሁሉ፣ ሲናገሩ ፊቱን አዞረባቸው። አሁንማ መናገር ትችላለህ የተባለው ሰው እንደገና ሲናገር ምን እንደደረሰበት ልብ በሉ።

ላፍ ፋክተሪ ካለበት ጥግ ጥቂት ራመድ ሲባል ፌርፋክስ ጎዳና ሰንሴትን ያቋርጣል። ያው ጎዳና ወደ ደቡብ ወርዶ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ የተሰየመውን ሰፈር ያገኛል። በዲያስፖራው ዘንድ እንዲህ ያለውን ነገር የነሱ ጉዳይ ነው ብሎ የማለፍ ልማድ እንዳለ መካድ አይቻልም፤ የባሪያ ንግዱም፣ የደቡቡ የስቅላት ዛፍም የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ነው እንጂ የእኛ አይደለም የሚል። ነገር ግን በኖቬምበር 13 ቀን 1988 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ሙሉጌታ ስራው የተባለውን ኢትዮጵያዊ ስኪንሄድ የሚባሉ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ሲገድሉት ከየት እንደመጣ አልጠየቁትም።

የሙሉጌታ ጉዳይ ከንግግር ጥያቄ ጋር የሚገናኝበት ሌላ ክር አለ። በ1990 ጠበቃው ሞሪስ ዲስ የቤተሰቡን ክስ ይዞ ፍርድ ቤት ያቆመው ገዳዮቹን ብቻ አይደለም፤ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ በወኪሉ አማካይነት ወጣቶቹን ለጥቃት ያነሳሳውን የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ ቶም ሜትዝገርንም ጭምር ነው። ዳኞቹ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱ። የመዘኑት ሜትዝገር ስንት ጊዜ ሰደበ የሚለውን አይደለም፤ ንግግሩ ወዴት ይመራ ነበር፣ ምን እንዲደረግ ይፈልግ ነበር የሚለውን ነው። ሪቻርድስ ማንንም ምታ አላለም፤ ማንም አልተመታም፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ንግግሩን ይጠብቅለታል። ንጽጽሩን ከዚህ በላይ መለጠጥ ግፍ ይሆናል። ነገር ግን የፖርትላንድ ዳኞች የያዙት የንባብ ዘዴ፣ ቃል መቁጠርን ትቶ የተባለውን መጠየቅ፣ ከ2006ቱ አደባባይ የጠፋው እሱ ነው።

የንግድ ቅጣቱን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ በአጭሩ ግን ይበቃል። በአፕሪል 2007 የሬዲዮው ዶን አይመስ የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ሰድቦ በስምንተኛው ቀን ሲቢኤስ አባረረው፤ አስተዋዋቂዎች ሸሽተው ነበርና። በ2018 ሮዛን ባር በትዊተር በጻፈችው ነገር ኤቢሲ ፕሮግራሟን በሰዓታት ውስጥ ሰረዘ። ሪቻርድስ የሚባረርበት ሥራ አልነበረውም። የ«ሳይንፌልድ» ዲቪዲ እንዳይገዛ ጥሪ ያቀረቡ ነበሩ፤ ያ ግን የሌሎችን እንጀራ የሚነካ ነበር። በ2007 ከመድረክ ቀልድ ወጣሁ አለ።

በ2012 ሪቻርድስ በሳይንፌልድ የመኪናና የቡና ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ስለዚያ ማታ ተናገረ። በዚያን ጊዜ ለታዳሚው ልክ ነህ፣ አላስቅም፤ ቤቴ ገብቼ ቀልዴን ላስተካክል፣ ነገ ማታ እንገናኝ ማለት ነበረብኝ አለ። ጥሩ መልስ ነው፤ ከመድረኩ ሙያ ውስጥ የወጣም መልስ ነው። ለራሴ ስል ነበር የሠራሁት፣ ለታዳሚው መሥራት ነበረብኝ ሲልም ቅንነቱ ይታያል። በ2024 ግለ ታሪኩን ሲያሳትም በሰጣቸው ቃለ መጠይቆች ደግሞ ነገሩን የቁጣ ጉዳይ አደረገው፤ ዘረኛ አይደለሁም፣ ቁጣዬ ነው የበላኝ፣ ራሴን የሰረዝኩትም እኔው ነኝ አለ። አላሾፈም፣ ሰበብም አላበዛም፤ ከብዙ ታዋቂ ሰዎች ይቅርታ ይህኛው ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ሆኖም ቁጣ የሚያስረዳው ለምን እንደጮኸ ነው። ሪቻርድስ የተወለደው በ1949 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ኤሜት ቲል ሲገደል የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ሚሲሲፒም ለሱ ሩቅ አገር ነው። እሱ ራሱ ማንንም ዘቅዝቆ አያውቅም። ሆኖም በንዴቱ ቅጽበት ዘቅዝቀን እናንጠለጥልህ ነበር ያለው በብዙ ቁጥር ነው፤ ያ ብዙ ቁጥር በአዳራሹ ውስጥ የሚስቅ አላጣም። በሳይንፌልድ መኪና ውስጥም ሆነ በ2024ቱ ቃለ መጠይቆች የምንሰማው ግን ነጠላ ቁጥር ነው፤ የእኔ ቁጣ፣ የእኔ ጥፋት፣ የእኔ ስረዛ። በብዙ ቁጥር የተነገረው ዛቻ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እስካሁን ማንም አልጠየቀውም።